«ጨዋታ ነው» ለተባለ ጉዳት፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከየክልሉ የመጣችሁ ወላጆች፣ ለነፃ አገልግሎት ስማችሁን ያስመዘገባችሁ ጠበቆች፣ ሐኪሞችና መምህራን፤ እንኳን ወደ አራት ኪሎ በደህና መጣችሁ።

ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ ሽቅብ የሄደ ሰው ስድስት ኪሎ ካምፓስን ያገኛል። ቁልቁል ወደ ልደታ የወረደ ደግሞ ፍርድ ቤቱን ያገኛል። በታክሲ ከሆነ አጭር መንገድ ነው። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በሲኒየሮች፣ ማለትም አዲስ ገቢውን «እናላምድ» በሚሉ ነባር ተማሪዎች፣ እጅ ልጁ የተጎዳበት ቤተሰብ ግን ይህችን መንገድ በዓመታትም አይጨርሳትም፤ ብዙው መሀል ላይ ይቀራል። የሚቀረውም ዳኛ ስለፈረደበት አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መያዝ የነበረበት ወረቀት ስላልተያዘ ነው። ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ወረቀት ነው።

ሕጋችን ለዚህ ድርጊት የተለየ ስም አላወጣለትም። የ1996ቱን የወንጀል ሕግ ከዳር እስከ ዳር ብታገላብጡ «አዲስ ገቢ ተማሪን ማሰቃየት» የሚል አንቀጽ አታገኙም። ግቢ ውስጥ ግን ስም አያጣም፤ «ፍሬሽ መቀበል» ይባላል፣ «ማላመድ» ይባላል፣ ነገሩ ሲከፋ ደግሞ «ጨዋታ ነው» ይባላል። አባት ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ «ልጄን ሲኒየሮች ተጫወቱበት» ብሎ ቃሉን ከሰጠ፣ መርማሪው የሚጽፈው ያንኑ ነው፤ መጫወት ደግሞ ወንጀል አይደለም። ስለዚህ ድርጊቱን መሸንሸን ያስፈልጋል። ማን መታው? በምን? ስንት ጊዜ? በየትኛው ብሎክ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? ምን አስጠጡት? በሩን ማን ዘጋው? ልጁ «ተዉኝ» ብሏል? ሲወድቅ ማን አየ፣ አይቶስ ምን አደረገ? እያንዳንዱ መልስ የራሱ አንቀጽ አለው።

ሕይወቱን አደጋ ላይ የጣለ፣ አካሉን ያጎደለ ወይም ጤናውን በዘላቂነት ያበላሸ ጉዳት አንቀጽ 555 ነው፤ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ከዚያ የቀለለው 556 ነው። አስገድዶ ማሠራት 582 ላይ ይገኛል። ሞት በቸልተኝነት ሲደርስ 543፣ ልጁን ራሱን ወደ ማጥፋት የገፋፉት ከሆነ 542 ይታያል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው አንቀጽ 575 ነው፤ ሰው ከባድ አደጋ ላይ ወድቆ እያየ፣ በራሱ ላይ አደጋ ሳይደርስ መርዳት ሲችል የተወውን ሰው ይመለከታል። «እኔ አልነካሁትም፣ ዝም ብዬ ነው ያየሁት» ለሚል ተማሪም፣ አራተኛ ፎቅ ጩኸት ሰምቶ በሩን ለዘጋ ፕሮክተርም፣ ማለትም ለማደሪያው ተቆጣጣሪም፣ ይኸው አንቀጽ ሊነሣ ይችላል።

ስለ 556 ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ መዝገብ የሚሞተው እዚህ ላይ ነውና። ንዑስ አንቀጽ 1 የሚያስቀጣው ተጎጂው በግል አቤቱታ ሲያቀርብ ብቻ ነው። አቤቱታው ደግሞ ተጎጂው ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ቤተሰብ ይህን ጊዜ የተማሪዎች ዲን ቢሮ ደጅ በመጥናት ይጨርሰዋል። «ኮሚቴው እያየው ነው፣ ሳምንት ተመለሱ» ይባላል፤ ሳምንቱ ሌላ ሳምንት ይወልዳል፤ መቶኛው ቀን ላይ ፖሊስ ጋ ሲደረስ ጊዜው አልፏል። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተማሪ ሊያባርር ይችላል እንጂ የወንጀል አቤቱታን አይተካም፣ የሦስት ወሩንም ቆጠራ አያቆምም። ንዑስ አንቀጽ 2 ግን የግል አቤቱታ አያስፈልገውም፤ አደገኛ መሣሪያ ከተያዘ፣ ወይም ተጎጂው ደካማ፣ በሽተኛ ወይም ራሱን መከላከል የማይችል ከነበረ በዚህ ይሄዳል። እጁን ተይዞ የተገረፈ፣ በስካር ራሱን የሳተ ልጅ ራሱን መከላከል አይችልም። ይህ ዓረፍተ ነገር ለፖሊስ በሚሰጠው የመጀመሪያ ቃል ላይ መስፈሩ የመዝገቡን ዕድል ይለውጣል።

የተከሳሾች የመጀመሪያ መልስ ምን ጊዜም አንድ ነው፤ «ራሱ ፈቅዶ ነው»። ይህ መልስ በሕግ ፊት ክብደት አለው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 70 መሠረት በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጣ ድርጊት በተጎጂው ፈቃድ ከተፈጸመ አያስቀጣም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2039ም፣ አድራጊው ሌላው ሰው እንደማይፈልግ ሊገምት የማይችል ከነበረ ጥፋተኛ አይባልም። እንግዲህ ፈቃዱ አለመኖሩን የሚያሳይ ማንኛውም ነገር ወርቅ ነው። በዚያ ሌሊት ለእህቱ የላከው «እባክሽ ደውዪልኝና ጥሪኝ» የሚል አጭር መልእክት፣ ከብሎኩ ሸሽቶ ላይብረሪ ማደሩ፣ ዶርም ቀይሩልኝ ብሎ ያስገባው ማመልከቻ፣ ሁሉም ይያዝ።

አሁን ወደ ሕክምናው። የተጎዳውን ልጅ ወደ ግቢው ክሊኒክ ተሸክመው የሚወስዱት ብዙ ጊዜ የመቱት ልጆች ራሳቸው ናቸው። ነርሷ «ምን ሆነህ ነው?» ስትለው እነሱ አጠገቡ ቆመዋል። «ደረጃ ላይ ወድቄ» ይላል። ካርዱ ላይ «ወድቆ» ተብሎ ይጻፋል፤ ያቺ አንዲት ቃል ከሁለት ዓመት በኋላ ልደታ ችሎት ላይ ትነበባለች። ስለዚህ ቤተሰብ እንደ ደረሰ ልጁን ብቻውን ያናግር፤ ከዚያም ሐኪሙ እውነተኛውን ምክንያት «በታካሚው ቃል» ብሎ በዕለቱ ቀን እንዲያሰፍር ይጠይቅ። የቀድሞው ጽሑፍ አይሰረዝም፣ አዲሱ ይጨመራል። ፖሊስ ለሆስፒታሉ የሚጽፈው ደብዳቤም ቶሎ ይውጣ፤ ደብዳቤው እስኪወጣ ሲጠበቅ ሰንበሩ በሳምንት ይጠፋል። እስከዚያው ድረስ ጉዳቱን ፎቶ አንሡት፤ አንድ ከራቅ ብሎ ፊቱ እንዲታይ፣ አንድ ከቅርብ መጠኑ እንዲታይ ማስመሪያ ወይም ሳንቲም አጠገቡ አድርጋችሁ፣ በየሁለት ቀኑም ድገሙት።

አንድ ጉዳት ለብቻው ላንሣ፤ ቁስል ስለሌለው ሁሉም ያልፈዋል። ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብድግ ሲያሠሩት ያደሩት ልጅ ጡንቻው ይፈራርስና ፍርስራሹ በደሙ አድርጎ ኩላሊቱን ይዘጋል። ምልክቱ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ይመጣል፤ ጭኑ ያብጣል፣ መራመድ ያቅተዋል፣ ሽንቱ እንደ ወፍራም ሻይ ይጠቁራል። የክሊኒክ ማስታገሻ ይዞ ዶርም ከተኛ ኩላሊቱን ሊያጣ ይችላል። ሐኪሙ የጡንቻን ጉዳት የሚያሳየውን ሲኬ የሚባል የደም ምርመራና የኩላሊትን ሁኔታ የሚያሳየውን ክሬቲኒን እንዲያዝ ጠይቁ። ሲኬ በሊትር ከ1,000 ዩኒት ካለፈ ነገሩን «የስፖርት ድካም ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ቁጥሩ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ጫፍ ደርሶ ስለሚወርድም ዘግይቶ የተወሰደ ደም ማስረጃውን ይዞ አይመጣም። አንድ ወረቀት ልጁንም መዝገቡንም ያድናል። የወሲብ ጥቃት ካለበት ደግሞ ልጁ ሳይታጠብ፣ ልብሱ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ተይዞ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሆስፒታል ይድረስ፤ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱም የሚሠራው በዚያ ጊዜ ውስጥ ከተጀመረ ነው። እዚህ መሀል ከተማ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለጥቃት ተጎጂዎች ሕክምናውንና ምርመራውን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለው።

ሞት ሲደርስ የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር ነው። በባህላችን አስከሬን አያድርም፤ ድንኳን ይተከላል፣ እድር ይሰበሰባል፣ በማግስቱ ቀብር ነው። የአስከሬን ምርመራ ሳይደረግ የተቀበረ ልጅ ግን ምን እንደገደለው የሚናገርለት አይኖርም። ፖሊስ ደብዳቤ ጽፎ አስከሬኑ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ወይም ምርመራው ወደሚሰጥበት ሌላ ሆስፒታል እስኪሄድ ድረስ ቀብሩ ይቆይ። ይህን ለእናት የሚነግራት ሰው ከእኛ መሀል ይሁን፤ ስልክ ላይ ሳይሆን አጠገቧ ተቀምጦ።

ስለ ስልክ በአጭሩ። ቪዲዮው ቴሌግራም ላይ ካለ ስክሪንሾት አይበቃም። ፋይሉን እንዳለ አውርዱ፣ የቡድኑን ስም፣ የላኪውን መለያ፣ ቀንና ሰዓቱን መዝግቡ፤ ለዘመድ ለማሳየት ብላችሁ ግን አታሰራጩት። የተጎጂው ስልክ አይጽዳ፣ አይሸጥ፣ ሲም ካርዱም አይቀየር። የግቢው ካሜራ ቅጂ በራሱ ጊዜ በአዲስ ስለሚተካ፣ «የዚህን ቀን ቅጂ አቆዩልን» የሚል ደብዳቤ በዚያው ሳምንት ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ይግባ። ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱን መዝገብ ቤት ይቀበላል፣ በሁለተኛው ላይ የገቢ ማኅተምና ቁጥር አስመትታችሁ ትመለሳላችሁ። ማኅተም የሌለበት ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። የዶርም ጓደኞቹን ስም፣ ዲፓርትመንትና የቤተሰብ ስልክም ሴሚስተሩ ሳይዘጋ ያዙ፤ ክረምት ከገባ አንዱ ጎንደር፣ አንዱ ጂማ ነው።

ልጃችሁን ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ የዊዝድሮዋል ቅጽ፣ ማለትም ትምህርትን በፈቃድ ለጊዜው ማቋረጫ ቅጽ፣ ይሞላ። ስንቱ ልጅ ታሞ ቤቱ ተኝቶ ሳለ ፈተና ስላልተቀመጠ ኤፍ ተመዝግቦበት፣ እንዳቋረጠ ተቆጥሮ ቀርቷል! የሆስፒታል ማስረጃ ተያይዞ ቅጹ ከተሞላ የመመለስ መብቱ ይቆይለታል።

ወደ ሽምግልናው ልምጣ። ሽምግልና ክቡር ነገር ነው፤ ማኅበራችን አይቃወመውም። የሚያሳስበን የሚፈረመው ወረቀት ነው። የመቺዎቹ ወላጆች ሽማግሌ ይዘው ይመጣሉ፣ የሕክምና ወጪ ይከፍላሉ፣ ከዚያ ሦስት መስመር ያላት ወረቀት ትቀርባለች፤ «ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ የምጠይቀው ነገር የለም»። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ3307 ጀምሮ ያሉት አንቀጾች ይህን ግልግል ይሉታል፤ አንቀጽ 3312 ደግሞ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ያደርገዋል። በወሩ ኩላሊቱ መድከሙ ቢታወቅ በሩ ተዘግቷል። መታረቅ ከፈለጋችሁ ታረቁ፤ ወረቀቱ ላይ ግን «እስከ ዛሬ ለወጣ የሕክምና ወጪ ብቻ» ተብሎ ይጻፍ፣ ወደፊት ለሚታይ ጉዳት መብቱ ይጠበቅ፣ ከእኛ ጠበቆች አንዱ ሳያየውም አይፈረም። የ555 ዓይነት ከባድ ጉዳት በዕርቅ ብቻ የሚዘጋ አለመሆኑንም ሽማግሌዎቹ ይወቁት።

ካሣው ላይ ለጠበቆቻችን ሁለት ነገር ላስታውስ። አንደኛው የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2142 ነው። ከአሥር ልጆች መካከል የራስ ቅሉን የመታው የትኛው እንደሆነ ባይለይ፣ አድራጊው በእርግጥ ከእነሱ መሀል ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ለርትዕ፣ ማለትም ለሚዛናዊ ፍትሕ፣ ሲባል ሁሉም በአንድነት እንዲክሱ ሊያዝ ይችላል። ጨለማ ክፍል ውስጥ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ለተደበደበ ልጅ የተጻፈ ይመስላል። ሁለተኛው 2126 ነው፤ ፕሮክተሩ ወይም ጥበቃው ሥራው ላይ ሆኖ ካጠፋ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲው አብሮ ይጠየቃል። የግል ኮሌጅ ከሆነ በ2129 እና በ2130 ይሄዳል። የክሱ ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 ዓመት ነው፤ በወንጀል ነፃ መባላቸውም የካሣውን ክስ አያስቀርም፣ 2149 ይህን በግልጽ ይላል።

የሚያቃጥለኝን ልናገር። በአንቀጽ 2116 መሠረት ለሕሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሣ ከ1,000 ብር አይበልጥም። ሕጉ በ1952 ሲወጣ የተጻፈ ቁጥር ነው፤ ዛሬም እዚያው አለ። ልጇን ለቀበረች እናት አንድ ሺህ ብር! ተማሪ ደመወዝ ስለሌለው የቁሳዊ ጉዳቱ ስሌትም ይከብዳል። ስለዚህ የትምህርት ውጤቱን፣ የተመደበበትን ዲፓርትመንት፣ በሙያው ጀማሪ የሚከፈለውን ደመወዝ አያይዙ፤ ወደፊት መድረሱ እርግጠኛ የሆነ ጉዳት እንደሚካስ 2092 ይደነግጋል፣ ልኩ በትክክል ካልታወቀም ዳኛው በርትዕ እንዲወስን 2102 ይፈቅዳል። ይህ ጣሪያ እንዲነሣ ከሰዓት በኋላ የሚቀርበውን የውሳኔ ሐሳብ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ።

18 ዓመት የሞላው ልጅ ራሱ ነው ከሳሽ፤ ወላጅ ስለ እሱ ለመቆም ከውልና ማስረጃ ውክልና ይዞ ይምጣ። የዳኝነት ክፍያ ለሌለው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከ467 ጀምሮ በድሃ ደንብ መክሰስ ይቻላል፤ የወረዳ ማስረጃና ያለውን ንብረት የሚዘረዝር ቃለ መሐላ ይጠየቃል። ይህ የሚያስቀረው የፍርድ ቤቱን ክፍያ ነው፣ የጠበቃውን አይደለም። የጠበቃው ድርሻ እዚህ ለተቀመጣችሁት ነው፤ በዓመት የምትሰጡትን 50 ሰዓት ነፃ አገልግሎት ለእነዚህ ቤተሰቦች አድርጉት።

የሌሎችን አገር አንድ ሁለት ነገር ብንወስድ አይከፋም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ደንብ ተማሪውም ወላጁም ሲመዘገቡ በጽሑፍ ይምላሉ፣ የተቋሙ ኃላፊም ወንጀል ካለ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ያመለክታል። አሜሪካ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተፈረመው የፌዴራል ሕግ ኮሌጆች ጉዳቱን ቆጥረው በየዓመቱ ይፋ እንዲያደርጉ አዝዛለች፤ በትርጓሜውም ላይ የተጎጂው ፈቃደኛ መሆን አለመሆን ለውጥ እንደማያመጣ ጽፋለች። ለዩኒቨርሲቲዎቻችን ሴኔቶች የምናቀርበው ረቂቅ እነዚህን ነጥቦች ይዟል።

ፊታችሁ ያለው ባለ አራት ገጽ ቅጽ የመጀመሪያው ቀን ቅጽ ነው። ሐኪሞች ሁለተኛውን ገጽ፣ ጠበቆች ሦስተኛውን እዩልን። ወላጆች ደግሞ አራተኛውን፤ ለእናትየው የሚነገረው እዚያ ነው የተጻፈው፣ የጎደለውን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። እስክሪብቶ በየጠረጴዛው ላይ አለ፤ እስከ ምሳ ሰዓት እርማታችሁን ለጸሐፊያችን ስጡ። ጉባኤው ተከፍቷል።