ገበያ ሲታደስ ሻጩ የት ይሄዳል?

ሄለን፦ እንደምን ዋላችሁ፣ ዛሬም ከሐዋሳ ነን። ብሩክ፣ አሮጌ ገበያ ይታደስ ሲባል ሰው ቶሎ የሚታየው አፍርሶ ፎቅ መሥራት ነው አይደል?

ብሩክ፦ ልክ ነሽ፣ ግን ያለውን ይዞ ማደስም ይቻላል። ባርሴሎና ሳንታ ካተሪና የሚባል የ19ኛው ክፍለ ዘመን ገበያ አለ። አርክቴክቶቹ ኤንሪክ ሚራዬስና ቤኔዴታ ታሊያቡዌ አብዛኛውን የድሮ የውጭ ግድግዳ አላፈረሱም፤ ከላይ ግን ወጣ ገባ የሚል የእንጨት ጣሪያ ሠርተው የአትክልትና የፍራፍሬ ቀለም ባለው ሴራሚክ ሸፈኑት። እ.ኤ.አ. በ2005 ተከፈተ፣ አሁንም ዓሣና ቲማቲም ይሸጥበታል።

ሄለን፦ ለእኔ ትልቁ ነገር እሱ ነው፣ አሁንም ቲማቲም መሸጡ!

ብሩክ፦ የለንደኑን ኮቨንት ጋርደን እይው። የአትክልት ገበያው እ.ኤ.አ. በ1974 ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ። ነዋሪው አካባቢው እንዳይፈርስ ታግሎ ሕንፃው ተረፈ፣ በ1980 ሱቅና ምግብ ቤት ሆኖ ተከፈተ። ያምራል። ጎመን የሚሸጠው ሰው ግን አልተመለሰም።

ሄለን፦ እኛ ጋ እኮ የምፈራው ይሄንን ነው። እዚህ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ጠዋት ሂድ። ጀልባ ይገባል፣ ወጣቶቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በቢላ ይገፍፋሉ፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ትርፍራፊ ይጠብቃል፣ እጣቢው እግርህ ስር ይፈሳል። እዚያ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የቧንቧ ውሃ፣ ተዳፋት ያለው ወለል፣ ጥላ ነው። መስታወት አይደለም።

ብሩክ፦ ጥላ ካልሽ ኒጀር ውስጥ ዳንዳጂ የሚባል መንደር አለ። ሳምንታዊው ገበያ የሚቆመው አንድ ትልቅ ዛፍ ዙሪያ ነበር። አርክቴክቷ ማርያም ካማራ ዛፉን መሃል ላይ ትታ ሱቆቹን በታመቀ የአፈር ጡብ ሠራች፣ ከላይ ክብ ክብ ባለቀለም ቆርቆሮ በተለያየ ከፍታ ሰቀለች። ፀሐዩን ይከልላል፣ አየሩም በመካከል ያልፋል። ሰው የለመደውን አቀማመጥ አላፈረሰችበትም።

ሄለን፦ እኛ ጋ ደግሞ አቀማመጡን የሚያውቁት ባለ ጉልቶቹ ናቸው። የትኛው ጥግ ከሰዓት ፀሐይ እንደሚመታው፣ ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ በየት እንደሚገባ፣ ባጃጅ የት ቆሞ እንደሚያራግፍ ጠይቃቸው፣ አንድ በአንድ ይነግሩሃል።

ብሩክ፦ ግንባታውም በየተራ ይሁን፣ አንዱ ወገን ሲሠራ በሌላው ይሸጥ። ድንኳን ዘርግቶ ራቅ ያለ ቦታ ከወሰዷቸው ደንበኛቸውን ያጣሉ።

ሄለን፦ ከዚያ ደግሞ ጨረታ አለ። ሕንፃው ያልቃል፣ ሱቁ ለጨረታ ይወጣል። ሽንኩርት በመደብ የምትሸጥ ሴት ከጅምላ ነጋዴ ጋር እንዴት ትጫረታለች? የነባሮቹ ሻጮች ስም፣ የሚያገኙት ቦታና የሚከፍሉት ኪራይ አንድ ቆርቆሮ ከመነሳቱ በፊት በጽሑፍ ይውጣ፤ እዚያው ገበያው መግቢያ ላይ ይለጠፍ።