ሳንቲሙን አትብሱት
(ለሐረር ወርቅ ሠሪዎችና አስጎብኚዎች የተዘጋጀ ንግግር)

አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን አመሻችሁ! ወርቅ ሠሪ ፊት ቆሞ ስለ ወርቅ ማውራት ድፍረት ነው፤ ካራቱን እናንተ በዓይናችሁ ትለዩታላችሁ። እኔ የማወራው ሳንቲም ሰብሳቢ ስለሚከፍለው ዋጋ ነው።

ወርቅ ለማስቀመጥ ብቻ የሚገዛ ሳንቲም አለ። ደቡብ አፍሪካ በ1967 እ.ኤ.አ. የጀመረችው ክሩገራንድ እንዲህ ነው። ባለ 22 ካራት ነው፣ ንጹሕ ወርቁ 31.1 ግራም፤ ሚዛን ላይ ግን 33.9 ይላል፣ ትርፉ እንዲጠነክር የገባ መዳብ ነው። ዋጋው የዕለቱን ገበያ ይከተላል፣ አለቀ። ለመታሰቢያ የሚመታው ሳንቲም ግን ብዙ ጊዜ በቁጥር ተወስኖ ስለሚወጣ ሰብሳቢ ከወርቁ በላይ ሊከፍልበት ይችላል።

የእኛም አገር አውጥታለች። በ1970 ዓ.ም. የወጣው ባለ 600 ብር ወርቅ ዋሊያ አለበት፤ 33.4 ግራም ይመዝናል፣ ከ1000 እጅ 900ው ወርቅ ነው። ለዱር እንስሳት ጥበቃ ተብሎ በየአገሩ ከተመቱት አንዱ ነው። እስቲ በባለ 600 ብር ሳንቲም ቡና የገዛ ሰው አይታችኋል? ለገበያ አልተሠራማ፣ ለውጭ ሰብሳቢ ነው።

ሰብሳቢው ሳንቲም ሲያነሳ ጠርዙን ያያል። ከተበሳ፣ ማንጠልጠያ ከተበየደበት፣ ወይም እንዲያብረቀርቅ ተብሎ ከተወለወለ በግራም ሒሳብ ይጠራላችኋል፣ ወይ ትቶት ይሄዳል። የእናቶቻችን አንገት ላይ ያለውን ጠገራ ብር አልነካም፣ እሱ ጌጥ ነው። የምለው ገና ያልተነካውን ነው። አስጎብኚዎች፣ በነገራችን ላይ፣ ጠገራ ብሩ ላይ 1780 ስላለበት ብቻ «የዚያ ዘመን ነው» እያላችሁ ለቱሪስት አትሽጡ፤ ዓመቱ ሳይቀየር ብዙ ጊዜ ተመትቷል።

ሐረር እኮ የራሷን ገንዘብ የምትመታ ከተማ ነበረች። መሐለቅ የምትባለው የአሚሮቹ ሳንቲም ትንሽ ነገር ናት፣ ወርቅም አይደለችም፤ ግን የሚያውቃት ሰብሳቢ ስለ ብረቱ ብሎ አይደለም የሚፈልጋት። እንዲህ ያለ ነገር ለማቅለጥ ሲመጣላችሁ እሳቱን ቆም አድርጉት። መዝኑት፣ ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሱት፣ ከዚያ ጠይቁ። «መታሰቢያ ወርቅ» ተብሎ በሚያምር ሣጥን የመጣውንም እንደዚያው፤ ወርቅ የተቀባ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሚዛን ይዤ መጥቻለሁ። ቤት ያላችሁን አምጡና አብረን እንየው። ስታመጡት ግን እንዳትወለውሉት፣ አደራ!