በር ውስጥ የገባ ጆሮ

እሺ፣ በጃፓንኛም በጀርመንኛም ስለምትጽፈው ደራሲ ስለ ታዋዳ በቃኝ ያልኩ መስሏችሁ ነበር፣ አይደል? አልበቃኝም። ዛሬም በር፣ በር፣ በር ነው፤ የሰለቻችሁ ከወዲሁ ዝጉት።

ዮኮ ታዋዳ በጀርመንኛ የጻፈውን ገጣሚ የፓውል ጼላንን ግጥሞች በጃፓንኛ ትርጉም ታነባለች። መድበሉ የ1955ቱ፣ "ከደፍ ወደ ደፍ" የሚለው ነው። ርእሱ ላይ "ደፍ" የሚለው ቁምፊ (ካንጂ ይሉታል፣ ከቻይና የመጣው የጃፓንኛ ጽሕፈት ምልክት) ውስጥ የበር ምልክት አለ። ገለጥ ታደርጋለች፤ የመጀመሪያው ግጥም "ሲባል ሰማሁ" ብሎ ይነሳል። "መስማት" ውስጥም በር!

ቀስ ብለን እንየው። የበር ምልክት ስምንት ጭረት ነው፤ ግራና ቀኝ ሁለት መዝጊያ፣ ከሥሩ ክፍት። ሥሩ ጆሮ ሲገባ "መስማት" ይሆናል። ሰው ሲገባ "ብልጭታ"። ፀሐይ ሲገባ "መካከል"። "ድምፅ" የሚለው ሲገባ ደግሞ "ጨለማ"። ድምፅ ገብቶ ጨለማ! በዚህ ብቻ አንድ ክፍል ይወጣ ነበር... እሺ፣ ልመለስ። ታዋዳ በሮቹን እየተከተለች ነው ጼላንን የምታነበው። ጼላን ግን ጃፓንኛ አይጽፍም። ጀርመንኛው ላይ የሚታይ በር የለም። ሆኖም ግጥሞቹ ከመጀመሪያው ትርጉሙን ሲጠብቁ የነበሩ ያስመስላል።

የማይዋጥልኝ እዚህ ጋ ነው። "መስማት" ላይ ያለው በር የገባው ለድምፁ ነው። በር "ሞን" ይባላል፤ መስማትም ከቻይንኛ ከመጡት ንባቦቹ አንዱ "ሞን" ነው። ትርጉሙን የተሸከመው ጆሮው ነው። "ጨለማ" ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ትርጉሙ ከበሩ፣ ንባቡ ከውስጠኛው። አብዛኞቹ ቁምፊዎች የተሠሩት እንዲህ ነው፤ አንዱ ክፍል ለትርጉም፣ ሌላው ለድምፅ። እያንዳንዱ ቁምፊ ሥዕል ነው እያሉ የተደሰቱት የአውሮፓ ገጣሚዎች እንግዲህ... ምን ልበል። መሠረቱ ስህተት ሆኖ ንባቡ ያምራል። ያምራል ብሎ ማለፍ ይቻላል? እኔ እንጃ።

ልትሞክሩት ካሰባችሁ ደግሞ የጃፓኑን ወይም ነባሩን የቻይና አጻጻፍ ያዙ። ዋናው ቻይና በሚጠቀምበት በቀለለው ላይ በሩ ወደ ሦስት ጭረት ወርዷል፤ "መክፈት" ከሚለው ላይማ ጭራሽ ተነቅሏል። መክፈት ያለ በር! የታዋዳን መንገድ በዚያ አጻጻፍ ልከተል ያለ ሰው እዚያች ላይ ይቆምበታል።

እሷ ራሷ ግን ሌላም ነገር አድርጋለች። በ2010 መድበሏ፣ "የጀርመንኛ ሰዋስው ጀብዱዎች" ላይ፣ አንድ የጨረቃ ግጥም አለ። ስሙና የግሱ ሥር በካንጂ፣ መስተዋድዱና መድረሻው በላቲን ፊደል። "የጨረቃ" ለማለት የጨረቃ ካንጂ ታስቀምጥና የጀርመንኛዋን "ስ" ከኋላው ትለጥፋለች። ጃፓንኛ ሲጻፍ እኮ እንዲሁ ነው፤ ሥሩ ካንጂ፣ ጭራው ሂራጋና (ድምፅ ብቻ የሚጽፈው የጃፓንኛ ፊደል)። እሷ ሂራጋናውን አውጥታ ጀርመንኛ ተካች። ካንጂ የማያውቅ ጀርመናዊ ሰዋስው ብቻ ይቀርለታል፤ ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ዳቲቩ (አንዱ የጀርመንኛ የስም አገባብ) ትክክል መሆኑን ያያል። ይሄኛውን ያለ ጭቅጭቅ እወደዋለሁ። ቁምፊው ሥዕል ሆነም አልሆነም አያጣላም።

ጮክ ተብሎ ሲነበብ ነው ጉዱ። የገጣሚው የኦይገን ጎምሪንገር "ሽቫይገን" ("ዝም ማለት") የሚለው ግጥም እንኳ ቃሉ 14 ጊዜ ተጽፎ መሃሉ ላይ ባዶ ቦታ አለው፤ እዚያ ጋ ዝም ትላለህ፣ ያስኬዳል። ይቺን ጨረቃ ግን እንዴት ይሏታል? በጀርመንኛ "ሞንደስ" ("የጨረቃ") ካልክ ካንጂው ጠፋ። ጃፓንኛውን "ጹኪ" ይዘህ "ስ" ብትጨምር... "ጹኪስ"? አይ፣ እሱ ደግሞ...