ለአገረ ገዥው የምንይዘው ጥያቄ

ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ፤ ለማኅበረሰባችን ስብሰባ የቀረበ ንግግር፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

በዚህ ብርድ፣ ገሚሶቻችሁ ከሺፍት ቀጥታ መጥታችሁ እዚህ በመቀመጣችሁ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ ሰፊ ነው። አገረ ገዥ ቲም ዋልዝ በትምህርት፣ በጤና፣ በሥራ ሕግና በስደተኞች ጉዳይ ያላቸውን አቋም አስረዳን ነው ያሉኝ። በመስከረም ለሦስተኛ ጊዜ እንደሚወዳደሩ አስታውቀዋል። በ2026 ድምፃችንን ሊጠይቁን ነው። ሁሉንም እነካካለሁ። አንዱ ላይ ግን እቆያለሁ፤ እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ልጅ የምታሳድጉበት ሥራ ነውና። በስልክ መተግበሪያ እየተጠሩ መንገደኛ የሚያመላልሱት የኡበርና የሊፍት ሹፌሮች ጉዳይ።

መጀመሪያ በጎውን ልመስክር። ማርች 2023 ላይ የትምህርት ቤት ቁርስና ምሳ ለሁሉም ልጅ በነፃ እንዲሆን ፈርመዋል። በዚያው ወር፣ የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው መንጃ ፈቃድ እንዲያወጣ የሚያስችለውንም ሕግ ፈርመዋል። የፖሊስ መኪና ከኋላው ባየ ቁጥር እጁ መሪው ላይ ይንቀጠቀጥ የነበረ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ይህን መካድ ነውር ነው።

ከሁለት ወር በኋላ የሆነውስ?

ያን ሰሞን ሹፌሮች ከስቴቱ ምክር ቤት ደጅ አልጠፉም። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ትግሬው፣ ኤርትራዊው አንድ ላይ ቆሞ ነበር። የጠየቁት ቀላል ነገር ነው። ለማይልና ለደቂቃ ዝቅተኛ ክፍያ ይወሰን። አካውንታችን ሲዘጋ ምክንያቱ ይነገረን። ሕጉ በሁለቱም ምክር ቤቶች አለፈ። ኡበር ደግሞ ይህ ከጸደቀ ከመንትያ ከተሞቹ፣ ከሚኒያፖሊስና ከሴንት ፖል አካባቢ፣ ውጭ አገልግሎት እናቆማለን፣ ከተማ ውስጥም ውድ ውድ መኪና ብቻ እናሠራለን አለ። ሜይ 25 ቀን 2023 አገረ ገዥው ሕጉን ውድቅ አደረጉት።

ልብ በሉ። ሰውዬው ሥልጣን የያዙት በ2019 ነው። እስከዚያች ቀን አንድም ሕግ ውድቅ አድርገው አያውቁም ነበር። የመጀመሪያው የእኛ ሆነ! የገባልን ነገር ቢኖር ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ነው።

ኮሚቴው እያጠና ሳለ እኛ ዘንድ ምን ይደረግ እንደነበር ልንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው አንድ ጋሼ አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም። ኤርፖርቱ አጠገብ ባለው መጠበቂያ ፓርኪንግ ሻይ በፔርሙስ ይዘው የሚመጡት እሳቸው ናቸው። እኔንም ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ የትኛው በር በየትኛው ሰዓት እንደሚሠራ፣ በበረዶ ቀን የትኛውን ድልድይ መሸሽ እንደሚሻል። አንድ ሌሊት ሮቸስተር፣ ሜዮ ክሊኒክ የሚሄድ ሰው አገኙ። ሰማንያ ማይል ገደማ ነው። በረዶው መንገዱን አልብሶታል። ሰውየው የታመመች እህት አለችኝ ስላለ እምቢ አላሉም። አደረሱት። ሲመለሱ መኪናው ባዶ ነው፤ ለዚያ ሁሉ መንገድ ሰባራ ሳንቲም የሚከፍል የለም። ጋዙ የእሳቸው፣ ጎማው የእሳቸው፣ እንቅልፉም የእሳቸው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ስልካቸውን ሲከፍቱ አካውንታቸው ተዘግቷል። መንገደኛ ከሷል ይላል መልእክቱ። ማን? መቼ? ምን ብሎ? አይልም። ደወሉ፤ የሚያነሳው ሰው ስለ ጉዳዩ ምንም አያውቅም። ጻፉ፤ ያው መልእክት ተገልብጦ መጣላቸው። ልጃቸው በእንግሊዝኛ አሳምራ ጻፈችላቸው፤ አሁንም ያው። የመኪናው ወርሃዊ ክፍያ ግን ቀኑን ጠብቆ መጣ። እኒህ ሰው ሀገር ቤት መምህር ነበሩ። ተማሪን እንኳ ሳይጠይቁ ከክፍል አስወጥተው እንደማያውቁ ነግረውኛል። እሳቸውን ግን ስልክ ከሥራ አባረራቸው!

ይህን ነው ኮሚቴ ያጥናው የተባለው።

ማርች 2024 ላይ የሚኒያፖሊስ ከተማ ምክር ቤት ደፈረ። ለማይል 1.40 ዶላር፣ ለደቂቃ 51 ሳንቲም ወሰነ። ከንቲባው ውድቅ ቢያደርጉትም በ10 ለ3 ድምፅ ሽሮ አጸደቀው። ኩባንያዎቹ አሁንም ለቀን እንሄዳለን አሉ። በሜይ የስቴቱ ሕግ መጣ፤ 1.28 ለማይል፣ 31 ሳንቲም ለደቂቃ። አገረ ገዥው ፈረሙ። ከተሞች የራሳቸውን ዋጋ እንዳያወጡም ሕጉ ከለከለ። ሂሳቡን አብረን እንሥራ። አሥር ማይልና ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ጉዞ በከተማው ዋጋ 24.20 ዶላር ይሆን ነበር። በስቴቱ 19 ዶላር ነው። ልዩነቱ ከማን ኪስ ወጣ?

አዎ፣ ሕጉ ጥሩ ነገር አለው። አካውንት ሲዘጋ ምክንያት መንገርና ይግባኝ መስማት ግዴታ ሆኗል። ሥራ ላይ ለሚጎዳ ሹፌርም ኢንሹራንስ አለ። ለዚህ የታገላችሁ ሁሉ ክብር ይገባችኋል። ግን ዝቅተኛው ክፍያ የሚቆጠረው መንገደኛ መኪናው ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው። የጋሼ የሮቸስተር መመለሻ ዛሬም ባዶ ነው። ደግሞስ ኩባንያዎቹ ሄዱ? አልሄዱም! ዛሬም እዚሁ ናቸው። ያ ሁሉ ማስፈራሪያ ባዶ ነበር፤ የሰጋነው ግን አንድ ዓመት አስከፈለን።

የእኔ ቅሬታ ይህ ነው። አንድ ኩባንያ «እሄዳለሁ» ሲል አገረ ገዥው ቆም ብለው ያስባሉ። እኛስ? እኛ የትም እንደማንሄድ ስለሚያውቁ ነው? ድምፃችንን ገና ሳይጠይቁን ስለምንሰጥ ነው?

ሌሎቹን ነጥቦች በአጭሩ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ክፍያ ያለው የቤተሰብና የሕመም ፈቃድ ይጀመራል። ትልቅ ነገር ነው፤ ዌርሃውስና ነርሲንግ ሆም የምትሠሩ ተጠቀሙበት። ሹፌር ግን እንደ ግል ሥራ ስለሚቆጠር ራሱ ካልተመዘገበና ካልከፈለ አይገባበትም። በጤና በኩል፣ ሚኒሶታ ኬር የሚባለው የስቴቱ የጤና መድን ወረቀት ለሌላቸው አዋቂዎች ከተከፈተ ገና ዓመት አልሞላውም፤ በዚያው በጃንዋሪ 1 ቀን ይዘጋባቸዋል። ልጆቹ ብቻ ይቀራሉ። አገረ ገዥው በጀቱን ለማሳለፍ ተስማምተው ፈርመዋል። የተወካዮች ምክር ቤቱ እኩል ለእኩል ተከፍሎ ስለነበር ተገደድኩ ይላሉ። የስኳር መድኃኒት የምትወስድ እናት ግን ይህ አይገባትም።

ስለዚህ ዋልዝም ይምጡ፣ ተቃዋሚያቸውም ይምጣ፣ ከፎቶው በፊት መልስ እንጠይቃለን። ባዶ መመለሻው ይከፈላል ወይ? ኩባንያ ቢያስፈራራ ሕጉን ይፈርማሉ ወይ? ለአዋቂዎቹ ጤና ምን አስበዋል? መልሱን በጽሑፍ እንፈልጋለን።

ጥያቄዎቹ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በእንግሊዝኛ በር አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ሳትፈርሙ አትውጡ። ዜጋ ሆናችሁ ለድምፅ ያልተመዘገባችሁ፣ እዚያው ፎርሙን የሚሞሉላችሁ ልጆች አሉ። የተዘጋ አካውንት ያለው ሰው ደግሞ መልእክቱን ከስልኩ ላይ ሳያጠፋ ይዞ እኔ ጋ ይምጣ፤ ይግባኙን አብረን እንጽፋለን።