ከእግዚአብሔር ጋር ወዳጅነት፣ ከጎረቤት ድንበር ጀምሮ

እንደምን ሰነበታችሁ? ከቢቸና እስከ ዳንግላ፣ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር የምታዳምጡኝ ሁሉ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዛሬ የማነሣው የእግዚአብሔር ወዳጅ መሆንን ነው።

ጌታ በዮሐንስ ወንጌል 15፥14 «እኔ ያዘዝኋችሁን ሁሉ ብታደርጉ እናንተ ወዳጆቼ ናችሁ» ይላል። ጥቅሱን የማያውቅ የለም። ግን ሰው ቆም ብሎ ሲያስበው «ወዳጅነት ደግሞ በትእዛዝ ይሆናል ወይ?» ይላል፤ ቢልም አልፈርድበትም። መልሱ ያለው ቀጥሎ ባለው ቁጥር ነው፤ ባርያ ጌታው የሚያደርገውን አያውቅም፣ ወዳጅ ግን ይነገረዋል። ባርያም ይታዘዛል፣ ወዳጅም ይታዘዛል። ወዳጅ የሚታዘዘው ግን ያዘዘውን ስለሚያምነው ነው። ለዚህ ነው እምነት የሚቀድመው።

እስቲ አብርሃምን እንየው። ያዕቆብ በመልእክቱ 2፥23 «የእግዚአብሔር ወዳጅ» የተባለ እርሱ እንደሆነ ይነግረናል፤ ኢሳይያስም በ41፥8 ያንኑ ይላል። ዕድሜውን ተከተሉልኝ። ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር፤ እስማኤል ሲወለድ 86፤ ይስሐቅ ሲወለድ 100። ተስፋውን ይዞ 25 ዓመት ቆየ ማለት ነው። በዚህ መካከል ግብፅ ወርዶ ሚስቱን «እኅቴ ናት» ብሏል፤ ተስፋው የዘገየ ሲመስለውም በአጋር በኩል ልጅ ወልዷል። የዘፍጥረት ምዕራፍ 16 በ86 ዓመቱ ይዘጋል፤ ምዕራፍ 17 ሲከፈት ሰውየው 99 ሆኗል። በነዚያ 13 ዓመታት እግዚአብሔር ተናገረው የሚል አንድም ቃል አይነበብም። እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ የመጣው ትእዛዝ ግዝረት ነበር፤ አብርሃምም «በዚያው ቀን» ፈጸመው ይላል፣ 17፥23። አላኮረፈም፤ ለነገም አላሳደረም።

ከዚያ በኋላ ነው ምዕራፍ 18 የሚመጣው። በቀትር እንግዶች ሲመጡ ሮጦ ተቀበለ፤ ሣራ ሦስት መስፈሪያ ዱቄት ለወሰች፤ ጥጃ ታረደ፤ እርጎና ወተት ቀረበ። ከማዕዱ በኋላ ነው እግዚአብሔር «እኔ የማደርገውን ከአብርሃም እሰውራለሁን?» ያለው። ምሥጢር ተነገረው። የተነገረውን ይዞ ግን ለራሱ ጥቅም አልሮጠም፤ ለሰዶም ሰዎች ከ50 ጻድቃን እስከ 10 ድረስ እየቀነሰ ለመነ። ወዳጅ ሆኛለሁ የሚል ሰው በጸሎቱ ውስጥ የሌላ ሰው ስም ካልተገኘ፣ አንድ ነገር ጎድሏል ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ጎጃም ውስጥ መታዘዝ ከሁሉ በላይ የሚፈተነው የት ነው ብትሉኝ ድንበር ላይ ነው እላለሁ። በሬ ጠምዶ በየዓመቱ አንድ ትልም ወደ ጎረቤት የሚገፋ ሰው ረቡዕና ዓርብን ሳያጓድል የሚጾም ሊሆን ይችላል። 12ን ለሚካኤል፣ 21ን ለማርያም አክብሮ በሬውን አይጠምድም፤ በ13 እና በ22 ግን ያቺን ትልም ይገፋል። ዘዳግም 27፥17 የባልንጀራውን ድንበር የሚገፋ የተረገመ ይሁን ይላል፤ ሕዝቡም ሁሉ አሜን እንዲል ታዟል። (ከተማ ያላችሁ ይህን በሚዛን፣ በቤት ኪራይ፣ በውርስ ክፍፍል ተርጉሙት።)

መመለሱ ሥርዓት አለው። ዘሌዋውያን 6 የባልንጀራውን ገንዘብ የወሰደ ሰው ዋናውን መልሶ አምስተኛ እጅ እንዲጨምር ያዛል፤ መሥዋዕቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አምስት ቁና ጤፍ የወሰደ ስድስት ይመልሳል ማለት ነው። ጌታም በማቴዎስ 5፥23-24 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ታረቅ ይላል። ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ተራ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ይሰጣል፣ ለንግሥ ጠላ ያስጠምቃል፣ ጎረቤቱ ግን እንደተበደለ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ጃንጥላ መስጠት ያስመሰግናል፣ ትልም መመለስ ያሳፍራል።

ንስሐም ላይ ተመሳሳይ ነገር ይገጥማል። የንስሐ አባት ፊት ቀርቦ «አባቴ፣ በድያለሁ፣ ይፍቱኝ» ብሎ የሚመለስ ብዙ ነው። በምን? ማንን? ስንት ጊዜ? ይህ ካልተነገረ አባትየው ምን ቀኖና ይስጡ? ጾሙና ስግደቱ የሚታዘዘው በደሉ ታውቆ ነው። የሰው ገንዘብ ካለበት ደግሞ ስግደቱ ብቻውን ገንዘቡን አይመልስም። ቀኖናውን ፈጽሞ ወደ ቅዱስ ቁርባን መቅረብ ሲገባ፣ ብዙዎቻችን «ሳረጅ እቆርባለሁ» እንላለን። ወዳጅ ማዕድ ሲጠራ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሚያስጠብቅ ምን ዓይነት ወዳጅ ነው?

ጾምን በአጭሩ ልንካ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ የጤፍ አጨዳም የሚደርሰው በዚያው ሰሞን ነው። ባለ መሬቱ እየጾመ የቀን ሠራተኛውን ደመወዝ «ጤፉ ሲሸጥ እሰጥሃለሁ» ይላል። ኢሳይያስ 58 የሚወቅሰው በጾም ቀን ሠራተኛ ማስጨነቅን ነው፤ ዘዳግም 24፥15 ፀሐይ ሳትገባ ክፈል ይላል፤ ያዕቆብ 5፥4 የአጫጆች ደመወዝ ይጮኻል ይላል። ሥጋና ወተት መተዉ ቀላሉ ክፍል ነው።

ጸሎት ለመጀመር የምትፈልጉ፣ እባካችሁ በትንሹ ጀምሩ። ዳዊት 150 መዝሙር ነው፤ በ15 ንጉሥ ይከፈላል፣ አንዱ ንጉሥ አሥር መዝሙር ነው። ለማንበብ ያልለመደ ሰው በስሜት ተነሥቶ «በየቀኑ አንድ ንጉሥ» ይላል፤ ሥራ ሲበዛበት ያቋርጣል፤ ካቋረጠ በኋላ እግዚአብሔርን እንደ አበዳሪ መሸሽ ይጀምራል። ጠዋት አንድ መዝሙር ይበቃል። ካነበባችሁ በኋላ ጥቂት ዝም በሉ፤ ከዚያ ዛሬ የምትፈጽሙትን አንድ ነገር ምረጡ፤ «ደግ እሆናለሁ» ሳይሆን «ለእገሌ የተበደርኩትን መጥረቢያ እመልሳለሁ» የሚል ዓይነት። ማታ ሆነ ወይስ አልሆነም ብላችሁ ተመልከቱ። ካልሆነ ለነገ ሌላ አትጨምሩበት፤ ያንኑ ድገሙት።

ድንበር ለመመለስ የወሰናችሁ ደግሞ መሬቱ ሳይታረስ አድርጉት። መጀመሪያ ለብቻችሁ ሂዱና ለጎረቤት ንገሩት። እርሱ ባይሰማችሁ አንድ ወይም ሁለት ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ፤ ማቴዎስ 18 የሚያሳየው መንገድ ይኸው ነው። የድሮውን ድንበር የሚያውቁ ሽማግሌ ባሉበት ድንጋዩን አብራችሁ ትከሉ። ዘር ከወደቀ በኋላ ከሆነ፣ ከዚያች ትልም የሚገኘው እህል የማን እንደሚሆን ሽማግሌዎቹ ፊት አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ አለዚያ እርቁ ራሱ በአጨዳ ጊዜ አዲስ ጠብ ያመጣል። ጎረቤቱ እምቢ ብሎ ቢያኮርፍ ሮሜ 12፥18 «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ» ይላል። መሬቱን ግን ልቀቁለት፤ እስኪታረቅ ድረስ ብላችሁ በሬ አትጥመዱበት።