ቤቱን ከነዕቃው እናሳይ ወይስ ባዶውን? በሐዋሳ ቤት ለሚሸጡ

[ምስል፦ አንድ ሳሎን ከአንድ ቦታ ሁለት ጊዜ የተቀረጸ። መጀመሪያ ባዶ፣ ቀጥሎ ሶፋ፣ ምንጣፍና መጋረጃ ያለው።]

ሁለቱም ምስሎች የአንድ ሳሎን ናቸው። ግድግዳው አልተገፋም፣ ኮርኒሱም ከፍ አላለም። ጎን ለጎን ሲታዩ ግን ባዶው ጠበብ ያለ፣ ዕቃ ያለበት ደግሞ ሰፋ ያለ ይመስላል። ዓይን ባዶ ክፍል ውስጥ የሚለካበት ነገር ያጣል። አንድ ሜትር ከሃምሳ አልጋ ተዘርግቶ ግራና ቀኙ ሰው የሚያሳልፍ ቦታ ሲተርፍ፣ ገዢው ሜትር ሳያወጣ ክፍሉን ይለካዋል።

ሐዋሳ ውስጥ ቤቱን ለሽያጭ ያቀረበ ሰው ይዋል ይደር እንጂ ይህ ጥያቄ ይገጥመዋል። ደላላው «ዕቃውን አውጡትና ቤቱ ገላጣ ሆኖ ይታይ» ይላል። ዘመድ ደግሞ «ባዶ ቤት ማን ይገዛል?» ብሎ ይከራከራል። ለብዙ ቤተሰብ ቤት ማለት የዕድሜ ልክ ጥሪት ስለሆነ፣ ነገሩን በደላላ ወይም በዘመድ ምክር ብቻ መወሰን አይገባም። የእኔን አቋም ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሳሎኑና አንድ መኝታ ቤት ዕቃ ይኑራቸው፤ የቀሩት ክፍሎች ባዶ ይሁኑ፤ ግድግዳ ግን አንድም ቦታ አይሸፈን። የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም ስለሚበልጥብኝ ሰፋ አድርጌ እሄድበታለሁ።

[ምስል፦ ከጭነት መኪና ላይ ሶፋ የሚያወርዱ ሠራተኞች።]

ለሽያጭ የቀረበን ቤት በዕቃ አስውቦ ማሳየት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ የተስፋፋው በአሜሪካ ነው። እዚያ ባለሙያው ሶፋውን፣ አልጋውን፣ ሥዕሉንና መብራቱን በመኪና ጭኖ ይመጣል፤ ቤቱን ያዘጋጃል፤ ሲሸጥ ዕቃውን መልሶ ይወስዳል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሪል እስቴት ወኪሎች ማኅበር በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ከገዢ ወገን ከሚሠሩ ወኪሎች 81 በመቶ የሚሆኑት እንዲህ የተዘጋጀ ቤት ገዢው የወደፊት ቤቱ አድርጎ እንዲያስበው እንደሚያግዝ ተናግረዋል። ይህ አኃዝ በየቦታው ይጠቀሳል። ነገር ግን ወኪሎቹ አስተያየታቸውን ሰጡ እንጂ በዋጋ ላይ የመጣውን ለውጥ የሚለካ ቁጥር አይደለም። ይህን ልዩነት ያዙልኝ።

ሌላም ልዩነት አለ፤ እኛን በቀጥታ የሚመለከተው እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ገዢዎች ከመዋዋላቸው በኋላ፣ ርክክቡ ከመፈጸሙ በፊት፣ ፈቃድ ያለው መርማሪ ቀጥረው ጣሪያውን፣ ቧንቧውንና የኤሌክትሪክ መስመሩን ያስፈትሻሉ። ስለዚህ ገዢው ቤቱን ሊያይ ሲመጣ ዓይኑን ለውበት ብቻ ሊሰጥ ይችላል፤ ፍተሻውን ሌላ ሰው ይሠራለታል። እኛ ዘንድ መርማሪው ገዢው ራሱ ነው። አጎቱን ወይም የሚያምነውን ግንበኛ ይዞ ይመጣል። በአንድ ጉብኝት ቤቱን ይወደዋል፣ በዚያው ጉብኝት ይፈትሸዋል። እንግዲህ ዕቃችን ሁለቱንም ሥራ ማገዝ አለበት። ውበት የሚሰጥ ግን ፍተሻን የሚከለክል ዕቃ፣ እዚህ አገር ባለቤቱን ይጎዳዋል።

[ምስል፦ የሐይቁ ዳርቻ፤ ቀጥሎ የአንድ ግድግዳ ታችኛው ክፍል በቅርበት።]

ሐዋሳ ላይ ይህ ነገር ይበልጥ ይከብዳል። ሐይቁ ጥቁር ውሃን የሚያህል ገባር አለው፤ በገጸ ምድር የሚፈስ መውጫ ግን የለውም። ዝናብ በበዛባቸው ዓመታት ከፍ ይላል፤ ዝቅ ባሉት ሰፈሮችም ርጥበት ከመሠረት ወደ ግድግዳ ይወጣል። የከተማው ሰው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ ልምድ ያለው ገዢ ሳሎን ሲገባ ኮርኒሱን አያደንቅም። ሰላምታ ሰጥቶ ሶፋው ወደተጠጋበት ግድግዳ ይሄድና ጎንበስ ይላል፤ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ መዳፉን ያሳርፋል። ቀለሙ አብጦ እንደሆነ ይጫነዋል፤ ጨው የመሰለ ነጭ ብናኝ ጣቱ ላይ ቀርቶ እንደሆነ ያያል። ከበሩ ጀርባና ከቁም ሳጥኑ ኋላም ይሄዳል።

እዚያ ቦታ ላይ ትልቅ ቡፌ ቆሞ ባለቤቱ «ከባድ ነው፣ አይነቃነቅም» ካለ፣ ያ ገዢ ከዚያ በኋላ የሚያየው ሁሉ አይጥመውም። ግድግዳው ጤነኛ ቢሆን እንኳ ጥርጣሬው ከዋጋው ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ ዕቃ ስታስቀምጡ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል አርቁት። ሰው በሶፋው ኋላ ዞሮ እንዲያልፍ አድርጉ። ለክፍሉም ያምርበታል፤ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ሶፋ ይልቅ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ሶፋ ሳሎኑን ያሰፋዋል።

ርጥበቱ በእርግጥ ካለስ? የግድግዳውን ታችኛ ክፍል ብቻ አዲስ ቀለም መቀባት ከሁሉ የከፋ አማራጭ ነው፤ ልዩነቱ ከሩቅ ይጮኻል። የውጪውን ፍሳሽ ከመሠረቱ አርቃችሁ ምሩት፣ የላላውን ልስን አንሱ፣ ግድግዳው በበጋው በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ይቀባ። ጊዜ ከሌላችሁ ደግሞ ለገዢው ንገሩት። ችግሩን ከባለቤቱ አፍ የሰማ ሰው ስለ ጥገናው ዋጋ ይደራደራል፤ ራሱ ያገኘው ሰው ግን ሌላ ምን ተደብቆ ይሆን ብሎ ይሄዳል።

[ምስል፦ ባዶ ኮሪደር፤ የመታጠቢያ ቤት ወለል ማፍሰሻ።]

ታዲያ ግድግዳው ይህን ያህል ከተፈለገ ሁሉንም ዕቃ አውጥተን ብንጨርስስ? ይህን ምክር ብዙ ደላሎች ይሰጣሉ፤ እኔ ግን አልስማማበትም። ባዶ ቤት ድምፅ ያስተጋባል፤ ዕቃ ሸፍኖት የነበረው የሚስማር ቀዳዳና የቀለም ጭረት ሁሉ አደባባይ ይወጣል። ከዚህም በላይ ባዶነት ራሱ ይናገራል። ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሰው ከለቀቀ ስንት ጊዜ ሆነው?» ብሎ ነው። ባለቤቱ ውጭ አገር እንደሄደ ወይም ሌላ ቤት ገዝቶ ገንዘብ እንደቸገረው ይገምታል፤ ድርድሩንም ከዚያ ግምት ይጀምራል።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ሽታው ነው። ከወለሉ ማፍሰሻ ሥር ሲፎን አለ፤ ታጥፎ ጥቂት ውሃ የሚይዝ፣ ያም ውሃ የሴፕቲክ ታንኩን ሽታ የሚዘጋ። ማንም የማይታጠብበት ቤት ውስጥ ይህ ውሃ በሳምንታት ውስጥ ይተናል፤ እንደ ሐዋሳ ባለ ሞቃት ከተማ ደግሞ ፈጥኖ። ሽታው ወደ ክፍሉ ሲወጣ ገዢው ፍሳሹ ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል። መድኃኒቱ በየሳምንቱ በእያንዳንዱ ማፍሰሻና በእጅ መታጠቢያው ላይ አንድ ጣሳ ውሃ ማፍሰስ ነው። ጎረቤት ወይም ዘበኛው ሊያደርገው ይችላል። መስኮቶችንም ጠዋት ጠዋት ከፍቶ ያናፍስ። ሽታን በዕጣን መሸፈን ግን ይቅር፤ የቡና ጢስ ደስ ይላል፣ ገዢ ሲመጣ ቤቱን የሞላ የዕጣን ጢስ ግን ምን ሊሸፍኑ ነው ያሰኛል።

[ምስል፦ ሳሎን፤ ሁለት ሶፋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ስስ መጋረጃ።]

አብዛኛው ሻጭ እስኪሸጥ ድረስ የሚኖረው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ለእናንተ ሥራው መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው። ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ የተከመረው ፍራሽና ሻንጣ፣ ኮሪደር ላይ የቆመው የጤፍ ጆንያ፣ ሁለተኛው ቡፌ፣ ለለቅሶና ለድግስ የተቀመጡት ወንበሮች ለጊዜው ዘመድ ቤት ይሂዱ። የመስኮቱን የወባ ትንኝ መረብ ግን አታንሱ፤ የተቀደደ ካለ አስጠግኑት። ሐዋሳ ውስጥ ቤተሰብ ያለው ገዢ ይህን መረብ ሳያይ አይወጣም።

ስለ ጀሪካን አንድ ነገር ልበል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ የተደረደሩ ጀሪካኖችን ብዙ ሰው ያፍርባቸውና ይደብቃል። ገዢው ግን ውሃ በፈረቃ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ ገምቷል፤ የሚፈልገው መልስ ነው። በየትኞቹ ቀናት እንደሚመጣ፣ ሮቶው ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ ሞልቶ ቤተሰቡን ለስንት ቀን እንደሚያቆይ ንገሩት፤ ቧንቧውን ከፍታችሁም ግፊቱን አሳዩት። ከማንኛውም መጋረጃ ይልቅ ያ የውሃ ድምፅ ይሸጣል።

ቤቱን አስቀድማችሁ ለቃችሁ ከሆነ፣ እንደ አሜሪካ ለዚህ ብቻ ዕቃ የሚያከራይ ባለሙያ እኛ ዘንድ የተለመደ ስላልሆነ፣ ከዘመድ መዋስ ይሻላል። ለሳሎን ሶፋ፣ ጠረጴዛና ስስ መጋረጃ፣ ለዋናው መኝታ ቤት አልጋ ከነንጹሕ አንሶላው፤ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ዕቃው የተውሶ መሆኑን ገዢው ሳይጠይቅ ንገሩት፤ አለበለዚያ ከቤቱ ጋር ይሰጠኛል ብሎ ያስባል። ያረጀና የጎደጎደ ሶፋ ብቻ ካገኛችሁ ባዶው ይሻላል።

ይህ ሁሉ ድካም የማያስፈልጋቸው ሽያጮችም አሉ። ፒያሳ አካባቢ ያለን አሮጌ የጭቃ ቤት የሚገዛ ሰው የሚያየው ቦታውንና ካርታውን ነው፤ ቤቱን ሊያፈርሰው ነው። ለኪራይ የሚገዛም እንዲሁ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ተከራይ ሠራተኞችን አምጥቷል፤ ይህን አስቦ የሚመጣ ገዢ ሰርቪሶቹን ይቆጥራል፣ የመብራት ቆጣሪውን ያያል፣ የጋራ መጸዳጃውን ይጠይቃል። ለእሱ ክፍሎቹን ጠርጎ መክፈት በቂ ነው።

[ምስል፦ በስልክ የሚቀረጽ ክፍል።]

ዛሬ ቤት መጀመሪያ የሚታየው በቴሌግራም ነው፤ ብዙ ጊዜም ውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም እኅት አይቶ «ሂዱና እዩልኝ» ይላል። ስለዚህ ጠዋት መጋረጃውን ከፍታችሁ፣ ስልኩን አግድም ይዛችሁ፣ ከክፍሉ ማዕዘን ላይ ቀስ ብላችሁ ቅረጹ። ለቪዲዮው ሲባል የልጆች ፎቶ፣ ስም የተጻፈበት የምስክር ወረቀትና የመኪና ሰሌዳ ይነሱ፤ ማን እንደሚያየው አይታወቅም። የውጭ አገር ባለሙያዎች የሃይማኖት ሥዕልም ይነሳ ይላሉ። በዚህ አልስማማም። ሐዋሳ ውስጥ ፕሮቴስታንቱ፣ ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩና ሙስሊሙ ጎረቤት ለጎረቤት ይኖራል፤ ገዢው የሰው ቤት እንደገባ ያውቃል።

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ።]

አሁን ዕቃው ወደሚያጣላበት ቦታ እንሂድ። ቤቱ ተወደደ፣ ዋጋ ተቆረጠ፤ ከዚያ ገዢው ቁልፍ ሲረከብ ሮቶው ተነስቷል፣ የሳሎኑ ትልቅ መብራት ተፈትቷል፣ የመጋረጃው ዘንግ ሄዷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ላይ የሚለው አለው። በአንቀጽ 1132 መሠረት ከቤቱ ጋር ተያይዞ ሳይበላሽ ወይም ሳያበላሽ ሊነቀል የማይችል ነገር የቤቱ አካል ነው። በግድግዳ የተገነባ የማድ ቤት ቁም ሳጥን እዚህ ውስጥ ይገባል። ለቤቱ አገልግሎት በቋሚነት የተመደቡ ተጨማሪ ነገሮችን በተመለከተ ደግሞ፣ አንቀጽ 1135 አጠራጣሪ ሲሆን ከዋናው ነገር ጋር አብረው እንደሚሄዱ ይደነግጋል። ሮቶና የውሃ ፓምፕ ክርክር የሚያስነሱት በዚህ በኩል ነው። መውሰድ የምትፈልጉት ነገር ካለ ገዢው ከማየቱ በፊት ንቀሉት፣ ወይም በጽሑፍ አስቀሩት።

ዝርዝሩ መጻፍ ያለበት ከቀብድ በፊት ነው። በአንቀጽ 1885 መሠረት፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። በአንድ መብራት የተነሳ ጭቅጭቅ ወደዚህ ሲደርስ ማየት ያሳዝናል። በአንድ ገጽ ላይ ከቤቱ ጋር የሚቀረውን በአንድ ወገን፣ ሻጩ የሚወስደውን በሌላው ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙ።

ዕቃውንም ጭምር መሸጥ የምትፈልጉ ከሆነ ዋጋውን ለብቻው አስሉት እንጂ ከቤቱ ዋጋ ጋር አትደባልቁት። በሚሊዮን በሚቆጠር ድርድር ውስጥ ሶፋና አልጋ «ይጨመርልኝ» ተብለው በነጻ ይሄዳሉ። ይልቅ እስከ መጨረሻው ያዟቸው። ሁለታችሁ ተቀራርባችሁ ትንሽ ልዩነት ብቻ ሲቀር፣ ዋጋውን ከመቀነስ ይልቅ «አልጋውንና ቁም ሳጥኑን ትቼልሃለሁ» በሉት፤ ያንንም እፊርማው ገጽ ላይ ጨምሩት።