ኮሌጁን ከመጨረሻው ጀምራችሁ ምረጡ

እንደምን አመሻችሁ፣ እናቶች፣ አባቶች፣ ልጆች። ቡናው ሳይቀዘቅዝ እጨርሳለሁ።

ባለፈው እዚሁ አዳራሽ አንድ እናት ክንዴን ያዝ አደረጉና «ልጄ ታሪክ ካልተማርኩ አለችኝ፣ ምን ይሻላታል?» አሉኝ። ድምፃቸው የታመመች ልጅ ያለቻቸው ያስመስላል። አትሳቁ፣ ግማሻችሁ ቤት ይሄ ጥያቄ አለ። «ልጅቷን ተዉአት፣ ኮሌጁን ግን አብረን እንምረጥ» አልኳቸው።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚሰጠው የመጀመሪያው ዲግሪ፣ አሶሼት ዲግሪ፣ 60 ክሬዲት (የኮርስ መለኪያ ነጥብ) ገደማ ነው፤ ሙሉ ጊዜ ለሚማር ሁለት ዓመት። በታሪክ ሲሆን ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፣ ብቻውን ብዙ የሥራ በር አይከፍትም። የአራት ዓመቱ ዲግሪ ግማሽ መንገድ ነው። ስለዚህ «የቱ ይቀርበኛል?» ከማለታችሁ በፊት «የት ነው የምጨርሰው?» በሉ።

እኔ የተገላቢጦሽ ነው የሄድኩት። አውቶቡሱ በደጄ ስለሚያልፍ ብቻ ተመዘገብኩ። ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራሁ፣ ቀን እያንቀላፋሁ ጨረስኩ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ የትምህርት አማካሪዋ የውጤት ዝርዝሬን (ትራንስክሪፕቴን) ዘረጋች። በእስክሪብቶዋ አራት መስመር ላይ አንድ በአንድ ምልክት አደረገች። «እነዚህን ተቀብለናል፣ ግን ለዲግሪህ የሚጠየቁትን አይተኩም» አለችኝ። አራት ኮርስ፣ 12 ክሬዲት! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄ ነው።

«ክሬዲቱ ያልፋል ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። «ለታሪክ ዲግሪዬ የትኛውን ኮርስ ይተካልኛል?» በሉ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል መንግሥት የትምህርት እርዳታ እንኳ በዕድሜ ልክ ለ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ብቻ ነው። የባከነ ኮርስ ከዚያ ላይ ይበላል።

ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር አድቫንስ የሚባል ፕሮግራም አለው። ገና ከመጀመሪያው መድረሻችሁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ሜሪላንድ ያላችሁ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሮክቪል፣ ጀርመንታውን፣ ታኮማ ፓርክ አለላችሁ። ሌላ ስቴት መሻገር ክፍያውን ያንረዋል። ካሊፎርኒያ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ንገሯቸው፦ እዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመሻገር (ለትራንስፈር) ተብሎ የተዘጋጀ የታሪክ አሶሼት ዲግሪ አለ፣ ካል ስቴት በሚባለው የስቴቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሥርዓት ውስጥ መግቢያ ያስገኛል። የትኛው ካምፓስ እንደሚደርሳችሁ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ዲፕሎማው ላይ «ታሪክ» የሚል ባይጻፍ አትደንግጡ። ብዙ ኮሌጅ «ጄኔራል ስተዲስ» (አጠቃላይ ትምህርት) ብሎ ነው የሚሰጠው። ይልቅ የኮርሱን ዝርዝር ዕቅድ፣ «ሲለበስ» የሚሉትን፣ ጠይቁ። ተማሪው የጥንት ደብዳቤና ሰነድ እያነበበ ይጽፋል? ወይስ ምርጫ እያከበበ ይወጣል? የአፍሪካ ታሪክስ አለ? እኔ ብሆን ከሕንፃው ውበት በፊት ይሄን ነው የማየው።

እዚህ ዋሽንግተን ደግሞ ሌላ ዕድል አለ። ኮንግረስ ላይብረሪ 16 ዓመት ለሞላው ሁሉ የአንባቢ ካርድ በነፃ ይሰጣል። ጀፈርሰን በሚባለው ሕንፃው ውስጥ ያለው የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ንባብ ክፍል የአማርኛና የግዕዝ መጻሕፍት አሉት።

ያቺ ታሪክ ካልተማርኩ ያለችው ልጅ ካርዱን አወጣች። የድሮ የአማርኛ መጽሐፍ አስወጥታ ገጾቹን በስልኳ አንስታ ቤት ይዛ መጣች። ፊደሉን ትለያለች፣ ግን አፏ አይፈታላትም። እናትየው ትናንት ደወሉልኝ፦ «አንተ ሰውዬ፣ አሁን እኮ እራት እየሠራሁ የቤት ሥራዋን እኔ ነኝ የማነብላት!»